የጥርሴን ሥር ባክቴሪያ በዘረመል ላስመርምረው ወይ?

ጥያቄው፦ «ጎንደር፣ ማራኪ ነው የምኖረው። ከሁለት ዓመት በፊት የታች መንጋጋ ጥርሴ ነርቩ ወጥቶ ተሞላልኝ። አሁን ድዴ ላይ ብጉር የመሰለ ነገር እየወጣ መግል ያፈሳል። ሦስት ጊዜ አሞክሳሲሊን ወሰድኩ። ይተወኝና ተመልሶ ይመጣል። እናቴ ‹ትል ነው፣ አስነቅይው› ትለኛለች። ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው። እሱ ደግሞ ‹አሁን የባክቴሪያውን ዘረመል አንብቦ ማወቅ ይቻላል፤ አስመርምሪና ልኩን መድኃኒት ይዘዙልሽ› ይለኛል። ምርመራው ምንድን ነው? ለእኔስ ይጠቅመኛል?»

እህቴ፣ ዋናውን መልስ ከፊት ልንገርሽ፤ የቀረውን ቡና እየጠጣሽ ታነቢዋለሽ። ለዚህ ጥርስ ሕክምና ብለሽ ይህን ምርመራ አታሠሪ። አሁን የሚያስፈልግሽ ራጅ ነው። ከዚያ የተሞላውን ሥር ከፍቶ እንደገና የሚያጸዳልሽ ሐኪም፤ ጥርሱ የማይተርፍ ከሆነም ሳይውል ሳያድር የሚነቅልልሽ። ወንድምሽ ግን ዝም ብሎ አላወራም። ምርመራው አለ፤ እኔም ለጥናት ስል ናሙና ስሰበስብ ኖሬያለሁ። ስለ ጥርስ ሥር ሕመም የነበረንን ሐሳብ ብዙ ለውጦታል። ሐኪሙ እጅ ላይ ያለውን መሣሪያ ግን እስካሁን አልለወጠውም። ለምን እንዳልለወጠው ነው ረዘም አድርጌ የምነግርሽ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከእናትሽ ልጀምር። «ትል ነው» ሲሉ ሰው ይስቃል፤ እኔ አልስቅም። የጥርስ ትል የእኛ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ከባቢሎን በተገኘ የሸክላ ጽሑፍ ላይ ትሉ አማልክቱን «በጥርስና በድድ መካከል ልኑር» እያለ ሲለምን ይነበባል። 1683 ላይ ደግሞ አንቶኒ ቫን ሌዌንሁክ የሚባል የሆላንድ ጨርቅ ነጋዴ ከገዛ ጥርሱ ላይ ነጭ ነገር ፍቆ ራሱ በሠራው ማጉያ አየው። ውስጡ የሚርመሰመሱ ትናንሽ ፍጥረቶች ሞልተውበታል። እናትሽ ጥርሱን የሚጎዳ ነፍስ ያለው ነገር አለ ማለታቸው ልክ ነው። የሳቱት መጠኑን ነው።

የጥርስ ሥር የሚያመግለው በባክቴሪያ ምክንያት መሆኑ ለየት ብሎ የታየው 1965 ላይ ነው። ካኬሃሺ፣ ስታንሊና ፊትዝጄራልድ የሚባሉ ሦስት አሜሪካውያን ሁለት ዓይነት አይጦች ያዙ። አንዱ ወገን ተራ አይጥ ነው። ሌላው ወገን ከተወለደ ጀምሮ አንድም ጀርም ሳይነካው ያደገ ነው። የሁለቱንም ጥርስ እስከ ነርቩ ድረስ በስተው ቀዳዳውን ክፍት ተዉት። የተራዎቹ ነርቭ ሞተ፤ ሥሩም መግል ቋጠረ። ጀርም የሌላቸው ግን ምግብ እየተጠቀጠቀበት እንኳ ነርቩ አልሞተም። ጭራሽ ቁስሉን በአዲስ የጥርስ አካል ደፈነው። ይህን ታሪክ ለተማሪዎች ስነግር ሁልጊዜ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ቀዳዳው አንድ ነው፣ ምግቡ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ባክቴሪያው ብቻ ነው።

አሁን ያንቺን ጥርስ ከውስጥ እንየው። የታች መንጋጋ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሥር አለው። በሁለቱ ሥሮች ውስጥ ብዙ ጊዜ ሦስት፣ አንዳንዴ አራት ቀጫጭን ቦዮች ያልፋሉ። ሰው «ነርቭ» የሚለው ለስላሳ ሥጋ፣ ከነደም ሥሩ፣ የሚኖረው እዚያ ውስጥ ነው። ቦይ ስልሽ ቀጥ ያለ ቱቦ አይምሰልሽ። የቀሃን ወንዝ በክረምት አስቢው። ዋናው ውሃ ይወርዳል፤ ግራና ቀኝ ደግሞ በየስንጥቁ የሚያፈተልክ አለ። የጥርስ ቦይም ወደ ጎን ቅርንጫፍ ያወጣል። ሁለቱን ቦይ የሚያገናኝ ጠባብ ስንጥቅ ይኖረዋል። ጫፉ ላይ ደግሞ ይበታተናል። ግድግዳው ራሱ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች የተወጋጋ ነው፤ ባክቴሪያ እዚያ ውስጥ ገብቶ መደበቅ ይችላል።

ነርቩ ሲሞት የደም ሥሩም አብሮ ይሞታል። ይህችን ነገር ያዢልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ። ደም የማይደርስበት፣ አየር የሌለው፣ ሙቀቱ የተመቸ፣ ከሥሩ ጫፍ የሰውነት ፈሳሽ የሚያገኝ ጨለማ ቤት ሆነ ማለት ነው።

እዚያ ቤት ውስጥ ማን ነው የሚኖረው? ለረጅም ጊዜ የነበረን መልስ «ኩልቸር» ነው። ናሙናውን ምግብ ያለበት ሳህን ላይ ታሳድሪዋለሽ፤ የበቀለውን ትቆጥሪያለሽ። ችግሩ የሥሩ ነዋሪዎች ብዙዎቹ አየር ሲነካቸው የሚሞቱ ናቸው። ኦክስጅን ለእኛ ሕይወት ነው፤ ለእነሱ መርዝ። 1976 ላይ ጎራን ሰንድክቪስት የሚባል ስዊድናዊ ኡሜዮ ከተማ ውስጥ ሆኖ አየር በማያስገባ ዘዴ ናሙና ወሰደ። የመረጣቸው ጥርሶች በምት ምክንያት ነርቫቸው የሞተ፣ ከላይ ሲታዩ ግን ያልተቦረቦሩ ናቸው። ባክቴሪያ ያገኘው በራጅ ላይ የሥሩ ጫፍ አጥንት ተበልቶ በታየባቸው ጥርሶች ውስጥ ነው። ከእነዚህም አብዛኞቹ አየር የማይወዱት ሆነው ተገኙ። ከዚያ በፊት ሳህን ላይ አልበቅል ስላሉ የሉም ይባል የነበረው ለካስ ነበሩ።

እንዲያም ሆኖ የማይበቅሉ ቀሩ። በሰው አፍ ውስጥ እስካሁን ከ700 በላይ የባክቴሪያ ዓይነት ተመዝግቧል። ከእነዚህ ከሩብ የማያንሱት ቤተ ሙከራ ውስጥ ሊያድጉ ፈቃደኛ አልሆኑም። የጎረቤታቸውን ትራፊ ካልበሉ አይኖሩም፤ ወይም እኛ የማናውቀው ነገር ይጎድላቸዋል። ኩልቸር ድግስ ጠርቶ የመጣውን እንግዳ እንደመቁጠር ነው። ያልመጣውን አያውቅም።

የዘረመል ንባብ፣ ሴኩዌንሲንግ የሚሉት፣ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ማሳደግ አያስፈልገውም። የሞተም ይሁን የታመመ፣ ዘረመሉ የተጻፈበትን ፊደል፣ ማለትም ዲኤንኤውን፣ ካገኘ ያነበዋል።

ይህን ለጎንደር ሰው የማስረዳው ሁልጊዜ በብራና ነው። አንድ ዳዊት ከዘመን ወደ ዘመን፣ ከደብር ወደ ደብር እየተገለበጠ ሲሄድ አስቢ። ጸሐፊው ሊስተው የማይችል ቦታ አለ፤ አንዲት ቃል ከተዛባች ሁሉም ካህን ይሰማታል፣ ወዲያው ትታረማለች። ሳይታወቅ ስሕተት የሚገባበት ቦታም አለ። ያ ስሕተት ደግሞ ከዚያ ብራና ወደሚገለበጠው ሁሉ ይተላለፋል። ስሕተቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ብታስተያይ የትኛው ብራና ከየትኛው እንደወጣ ትደርሽበታለሽ።

ባክቴሪያም እንዲህ ያለ ዳዊት አለው። ስሙ 16ኤስ ነው። ባክቴሪያው ፕሮቲን የሚሠራበት ማሽን አንዱ አካል የሚቀረጸው ከዚህ ዘረመል ነው። ርዝመቱ 1,500 ፊደል ገደማ ነው፤ ሁሉም ባክቴሪያ ጋ አለ። ማሽኑ እንዳይበላሽ ሲባል የማይነኩ ቦታዎች አሉት። በመካከላቸው ደግሞ ከዓይነት ዓይነት የሚለያዩ ዘጠኝ ቦታዎች አሉ። በማይነኩት እንይዘዋለን፤ በሚለያዩት ማንነቱን እንለያለን። ካርል ዎዝ የሚባለው አሜሪካዊ 1977 ላይ ፍጥረታትን በዚህ መንገድ እያስተያየ ባክቴሪያ ሲባሉ የኖሩ ሌላ ታላቅ ወገን እንዳሉ አሳየ። ዛሬ አርኪያ እንላቸዋለን።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለው ሂደት ሲነገር ቀላል ነው። ከናሙናው ዲኤንኤውን ታወጪያለሽ። 16ኤስን በፒሲአር ታባዢዋለሽ፤ ፒሲአር ያው በኮሮና ጊዜ ስሙን የለመድነው ነው። ከዚያ ማንበቢያ ማሽን ውስጥ ይገባል። ከአንድ ጥርስ በብዙ ሺህ የሚቆጠር የፊደል ሰልፍ ይወጣል። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ቀድሞ ከተመዘገቡት ጋር ያስተያየዋል። መጨረሻ ላይ የስም ዝርዝር፣ ከየስሙ አጠገብም ድርሻ በመቶኛ ይመጣል።

የሚከብደው ማሽኑ አይደለም። የሚከብደው ናሙናው ነው። ይህንን ቀረብ ብለሽ እንድታዪው እፈልጋለሁ።

ታካሚው ወንበሩ ላይ ተኝቷል፣ ማደንዘዣው ይዟል። ጥርሱ ላይ ቀጭን የላስቲክ ጨርቅ እንወጥራለን፤ ራበር ዳም ይባላል። ጥርሷ ብቻዋን በቀዳዳው ብቅ ትላለች፤ ምላስ፣ ምራቅና ጉንጭ ከኋላ ይቀራሉ። ከዚያ ጥርሷንም ላስቲኩንም በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እንጠርጋለን፤ ቀጥሎ በበረኪና። አዎ፣ ልብስ የሚነጣበት በረኪና ያው ራሱ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይባላል፤ ለሕክምና የሚሆነው መጠኑ ታውቆ የተዘጋጀው ነው። በረኪናው ናሙናውን ጭምር እንዳይገድልብን በሌላ ፈሳሽ እናረክሰዋለን። ከዚያ የጥርሷን ገጽ በንጹሕ ጥጥ ጠርገን ጥጡን ለብቻው እናስቀምጣለን። ከጥጡ ላይ ባክቴሪያ ከተገኘ ያቺ ናሙና አትቆጠርም። በመጨረሻ ጥርሷን ከፍተን፣ እንደ ጥርስ መፋቂያ ስንጥር የቀጠነች የወረቀት ጫፍ ወደ ቦዩ እናወርዳለን። አንድ ደቂቃ እንቆጥራለን። ስትወጣ ነጭ የነበረችው ወረቀት ጫፏ ግራጫ ሆኗል። ሽታው ጭንብል አልፎ ይመጣል። ተማሪዎች ፊታቸውን ሲያዞሩ «ይኸው ነው ዳታው» እላቸዋለሁ።

ያቺ የወረቀት ጫፍ የምትይዘው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ጥቂት ሲሆን ደግሞ ሌላው ሁሉ ይገባበታል። ሥራውን ስጀምር የደረሰብኝን ልንገርሽ። ከታካሚዎቹ ናሙና ጋር ምንም የሌለበት ንጹሕ ውሃ በአንድ ብልቃጥ ጨምረን ልከን ነበር፤ ለመቆጣጠሪያ። ውጤቱ ሲመጣ ውሃው የራሱ የባክቴሪያ ዝርዝር ነበረው። በሰው ቆዳ ላይ የሚኖሩት አሉ፤ ውሃና አፈር ውስጥ የሚኖሩትም አሉ። ከየት መጡ? ከጓንታችን፣ ከአየሩ፣ ዲኤንኤ ማውጫ ተብሎ ከተገዛው ኬሚካል ራሱ። ከጥርሶቹ ናሙና መካከል አንዳንዶቹ ቁጭ ውሃውን መሰሉ። ስንት ሳምንት የለፋንበትን ጣልነው። በዚያው ሰሞን መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ሲቀልጥ ሌላም ናሙና ሄደብን። ከዚያ ወዲህ ባዶ ብልቃጥ ያልተላከበት ጥናት ሳነብ ቁጥሩን አላምነውም፤ መጽሔቱ የቱንም ያህል ስመ ጥር ይሁን።

ታዲያ በንጽሕና የተሠሩት ጥናቶች ምን አሳዩ? መጀመሪያ፣ ወንጀለኛው አንድ አይደለም። አንድ ያመገለ ሥር ውስጥ በደርዘን የሚቆጠሩ ዓይነቶች ይገኛሉ፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ፉሶባክቴሪየም፣ ፖርፊሮሞናስ፣ ፕሬቮቴላ፣ ፓርቪሞናስ፣ ትሬፖኔማ፣ ዲያሊስተር የሚሉት ስሞች ደጋግመው ይመጣሉ። ስማቸውን መያዝ የለብሽም። አኗኗራቸው ነው የሚገርመው። ኦክስጅን የሚችሉት ቀድመው ይገቡና የተረፈውን አየር በልተው ይጨርሱታል። አየር የሚጠሉት ከኋላ ይከተላሉ። ፉሶባክቴሪየም ረጅም ስለሆነ ሌሎች እርስ በርስ የማይጣበቁትን እንደ ድልድይ ያያይዛል። የአንዱ ቆሻሻ ለሌላው ምግብ ነው። ሁሉም ተጣብቀው በጋራ በሠሩት ሙጫ ውስጥ ይኖራሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው ለበጎ ነበር፤ እነሱም ያውቁበታል።

ሁለተኛው ግኝት ለእኛ ለሐኪሞቹ የሚያሳፍር ነው። አንዴ ታክሞ እንደገና ባመገለ ጥርስ፣ ማለትም እንደ አንቺ ባለው፣ ጥፋተኛው ኢንተሮኮከስ ፌካሊስ የሚባል ባክቴሪያ ነው ስንል ኖርን። እኔም ተማሪ እያለሁ ፈተና ላይ ይህንኑ ጽፌ ነጥብ አግኝቻለሁ። ፌካሊስ ብርቱ ነው፤ ረሃብ ይችላል፤ ለሕክምና የምንጠቀመውን ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይቋቋማል። ግን ሌላም ጠባይ አለው፤ ሳህን ላይ በቀላሉ ይበቅላል። ዘረመል ማንበብ ሲመጣ በብዙ ናሙናዎች ውስጥ ወይ የለም፣ ወይ ጥግ ይዞ የተቀመጠ አናሳ ሆኖ ተገኘ። በአንዳንድ ጥርስ ውስጥ እውነትም ገዢው እሱ ነው። በብዙው ግን ለዓመታት ስሙን ያጠፋነው ፊቱን ስላሳየን ብቻ ነበር።

ሦስተኛው፣ የአንዱ ሰው የሌላውን አይመስልም። ያንቺ ጥርስና የወንድምሽ ጥርስ ሁለቱም ቢያመግሉ ዝርዝራቸው ይለያያል። ስለዚህ «የጥርስ ሥር ባክቴሪያ መድኃኒት» ተብሎ ለሁሉም የሚሆን አንድ ነገር መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

እዚህ ላይ ወንድምሽ «ለዚያ ነው እኮ የእሷ ይመርመር ያልኩት» ይላል። ጥሩ ክርክር ነው። መልሴ ግን ቅድም ያዢልኝ ባልኳት ነገር ውስጥ ናት። እዚያ ደም አይደርስም።

የምትውጪው አሞክሳሲሊን በደም ነው የሚሄደው። የሞተው ነርቭ ቦታ የደም ሥር የለም። መድኃኒቱ የጥርሱን ዙሪያ፣ ድዱንና አጥንቱን ይደርሳል። ወደዚያ የወጡትን ይገድልና መግሉ ይቀንሳል። አንቺም ዳንኩ ትያለሽ። ቤቱ ውስጥ ያሉት ግን ሰላም ናቸው። መድኃኒቱ ሲያልቅ እንደገና ይወጣሉ። ሦስቱ ዙር የሠራው ይህንን ነው። የባክቴሪያውን ስም ከነአያቱ ብታውቂ፣ የዓለም ምርጥ መድኃኒት ቢገዛልሽ፣ መንገዱ ያው የተዘጋው መንገድ ነው። እንዲያውም በየዙሩ አንጀትሽ ውስጥ ያሉትን ጭምር መድኃኒት እያለማመድሽ ነው። አራተኛውን ዙር ከመድኃኒት ቤት በራስሽ አትግዢ።

ዝርዝሩ ራሱም የማይናገረው ብዙ አለ። ዲኤንኤ ባክቴሪያው ከሞተ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል፤ ስለዚህ «ተገኘ» ማለት «በሕይወት አለ» ማለት አይደለም። መቶኛው የድርሻ ነው፤ ጠቅላላው ብዙ ይሁን ጥቂት አይነግርሽም። 16ኤስ ስም ይሰጣል እንጂ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው አይናገርም፤ አንዳንዴ ወንድማማቾቹንም መለየት ያቅተዋል። ሙሉውን ዘረመል የሚያነብ ሌላ ዘዴ አለ፤ መድኃኒት የሚቋቋሙበትን ዘረመል ያሳያል። ከጥርስ በተወሰደ ናሙና ላይ ግን የምታነቢው ብዙው የታካሚውን የራሱን ዲኤንኤ ይሆንና ገንዘብሽን ይበላዋል። አሜሪካም አውሮፓም ቢሆን ይህ ምርመራ የተለመደው የሥር ሕክምና አካል አይደለም።

አንቲባዮቲክ ፈጽሞ አያስፈልግም ማለቴ ግን አይደለም። ኢንፌክሽኑ ከጥርሱ ወጥቶ መስፋፋት ከጀመረ ያስፈልጋል። ትኩሳት ከመጣ፣ እብጠቱ ወደ አገጭ ሥርና ወደ አንገት ከወረደ፣ አፍሽን መክፈት ካቃተሽ፣ ምራቅ መዋጥ ከከበደሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ይህን ጽሑፍ ተዪውና በቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ሌሊትም ቢሆን። በታች መንጋጋ ጥርስ የጀመረ እብጠት መተንፈሻሽን ሊዘጋ ይችላል። ያ ለነገ የሚባል ነገር አይደለም።

አሁን ወዳንቺ ብጉር። ፊስቱላ እንላታለን። መግሉ አጥንቱን በልቶ ያገኛት ማስተንፈሻ ናት። መተንፈሻ ስላላት ብዙ አያምሽም፤ ለዚህ ነው ይህን ያህል ጊዜ የታገሥሽው። አለማመሟ ግን መዳን አይደለም። ሐኪሙ በብጉሯ አፍ ቀጭን፣ በራጅ የምትታይ የጉታ ፔርቻ (ቦዩን የምንሞላበት ላስቲክ መሰል ነገር) ዘንግ አስገብቶ ራጅ ቢያነሳሽ፣ ዘንጓ የመግሉን መንገድ ተከትላ የትኛው ሥር ጫፍ ላይ እንደምትደርስ ታሳያለች። ቀላል ዘዴ ናት፤ አታምም፤ እኔ በጣም እወዳታለሁ። የተሳሳተ ጥርስ ከመክፈት ታድናለች።

ራጁ ላይ የምንፈልገው ጥቂት ነገር ነው። ሳይገኝ የቀረ ቦይ አለ ወይ? ሙሌቱ እስከ ጫፍ ደርሷል ወይስ መሐል ቀርቷል? ከላይ ያለው ሙሌት ተሰንጥቆ ምራቅ እያስገባ ነው ወይ? ጥርሱ ራሱ ከሥሩ ተሰንጥቋል? የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከሆኑ ብዙ ጊዜ ከፍቶ እንደገና መሥራት ይቻላል። የቆየው ሙሌት ይወጣል፣ ቦዮቹ በበረኪናው በደንብ ይታጠባሉ፣ አንዳንዴ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ተቀምጦ ለሌላ ቀን ይቀጠራል፣ ከዚያ ይሞላል። ከላይ ክራውን፣ ጥርሱን የሚሸፍን ቆብ፣ ቢደረግለት ዕድሜው ይረዝማል። ሥሩ ከላይ እስከ ታች ከተሰነጠቀ ግን የእናትሽ ምክር ትክክል ነው። ይነቀል። መንቀል ሽንፈት አይደለም፤ ለሁለተኛ ሥራ የሚሆን ገንዘብ ከሌለሽም ከመግል ጋር ዓመት ከመኖር መንቀል በስንት ጣዕሙ።

ሐኪም ስትመርጪ ሁለት ነገር ጠይቂ፤ አትፈሪ። «ራበር ዳም ትጠቀማላችሁ?» እና «ቦዩን የምታጥቡት በምንድን ነው?» መልሱ ላስቲኩ የለንም፣ የምናጥበውም በጨው ውሃ ነው ከሆነ አመስግነሽ ሌላ ጋ ሂጂ። ላስቲክ ከሌለ ምራቅሽ ከነነዋሪዎቹ ወደ ቦዩ ይገባል። ቅድም ለናሙናው ስል የዘረዘርኩት ጥንቃቄ ለሕክምናውም ያው ነው።

እስከዚያው ሕመም ከመጣብሽ ቅርንፉድ ማድረግ ትችያለሽ። የሚያደነዝዘው ዩጂኖል የሚባል ነገር አለው፤ እኛም ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ለውሰን ለጊዜያዊ ሙሌት እንጠቀምበታለን። ያስታግሳል፤ አያድንም። አስፕሪን ድድሽ ላይ አታስቀምጪ፤ ሥጋውን ይልጠዋል። አረቄም ይቅርብሽ።

ለወንድምሽ የተለየ ቃል አለኝ። ሐሳቡን አይተወው፤ አቅጣጫውን ያዙረው። አንድ ታካሚ ለማከም የማይሆነው መሣሪያ ስለ አንድ ከተማ ለማወቅ ይሆናል። በየመረጃ ቋቱ ውስጥ ያለው የአፍ ባክቴሪያ አብዛኛው ከሌላ አገር ሰው አፍ የተወሰደ ነው። እዚህ ጎንደር አንቲባዮቲክ ሳይታዘዝለት ደጋግሞ የወሰደ ሰው ብዙ ነው። የእንዲህ ያለ ሰው ጥርስ ሥር ውስጥ ምን ዓይነት መድኃኒት የሚቋቋም ዘረመል ተከማችቷል? ይህ ጥያቄ የመመረቂያ ጥናት ይወጣዋል። ለዚያ ደግሞ የሰው አፍ ውስጥ ገብቶ መጨነቅ እንኳ የለበትም። ሊነቀሉ ከተወሰነባቸው ጥርሶች፣ በባለቤቱ ፈቃድ፣ የሥሩን ጫፍ ቆርጦ በብርቱ ቅዝቃዜ አጠንክሮ በመፍጨት ዲኤንኤው ይወጣል። ወረቀቷ የማትደርስበትን ስንጥቅ ሁሉ አብሮ ይይዛል።

ጎንደር በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው ያደገው ከዚያ ነው። ናሙና መሰብሰብና ዲኤንኤ ማውጣት የሚችል እጅ እዚህ አይጠፋም። ማንበቢያው አዲስ አበባ፣ እንደ አርማወር ሐንሰን ባሉ የምርምር ተቋማት አለ። ትንሹ ናኖፖር የሚባለው ማሽን ደግሞ በእጅ ይያዛል፣ ላፕቶፕ ላይ ይሰካል፤ በ2015 ጊኒ ውስጥ የኢቦላን ዘረመል እዚያው ወረርሽኙ ባለበት ቦታ አንብበውበታል። መተንተኛ ሶፍትዌሩም በነፃ ይገኛል፤ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ወንድምሽ ከሁሉ በፊት የሥነ ምግባር ፈቃዱን ያውጣ፤ ቀጥሎ ባዶ ብልቃጡን አይርሳ። መብራት ለሚጠፋበት አገር ደግሞ ያለ ማቀዝቀዣ ዲኤንኤ የሚያቆይ ፈሳሽ አለ። ውድ ነው፤ ግን ከቀለጠ ናሙና ይረክሳል።

ጥርሱ እንደገና ተሠርቶ ብጉሯ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከጠፋች ጥሩ ምልክት ነው። አጥንቱ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው። በስድስት ወርና በዓመቱ ራጅ ተነሺ፤ ጥቁሩ ቦታ እየጠበበ መሄድ አለበት። ሙሉ በሙሉ እስኪደፈን ከዓመት በላይ የሚፈጅበት ጊዜ አለ፤ አትደንግጪ።

አሁን የምትነሺውን ራጅ ይዘሽ ስትወጪ አንዲት ነገር ቆጥረሽ ጻፊልኝ። ጥርሱ ውስጥ ነጭ ሆነው የሚታዩት የሙሌት መስመሮች ስንት ናቸው፤ ሁለት ወይስ ሦስት?